የዓለም ቀጣናዎች ፖለቲካና የውጭ ፖሊሲ በትምህርት ቤት፤ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ምሳሌ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለ ሌላው ዓለም ፖለቲካ የሚሰጠው ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት መልክ ይዞ ይገኛል። ምዕራፉ የቀጣናውን አቀማመጥ በመግለጽ ይጀምራል፤ ቀጥሎም የአየር ጠባዩ፣ የሕዝቡ ብዛት፣ ዋና ዋና ምርቱ፣ አገሮቹ ከቅኝ አገዛዝ ነጻ የወጡበት ዘመንና ርእሰ ከተሞቻቸው በተራ ይቀርባሉ። በመጨረሻም አገሮቹ ያቋቋሙት ድርጅት ስሙ፣ የተመሠረተበት ቀንና የአባላቱ ቁጥር ተጠቅሶ ምዕራፉ ይዘጋል። ተማሪው ይህን ሁሉ በቃሉ አጥንቶ ፈተናውን ያልፋል። ይሁን እንጂ ያው ተማሪ አንዲት አገር ከጎረቤቷ ጋር ተጋጨች፣ ሌላዋ ደግሞ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ድምፀ ተዐቅቦ አደረገች የሚል ዜና ሲሰማ፣ ነገሩ ለምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ከተማረው ውስጥ የሚያነሣው አንዳች ነገር አያገኝም። ርእሰ ከተማዋን ያውቃል፤ መንግሥቷ የሚፈራውን ግን አያውቅም።

ይህ ጉድለት ከመምህሩ ትጋት ማነስ የመጣ ነው ማለት አይቻልም። ምንጩ በመርሐ ትምህርቱ አዘገጃጀት ውስጥ ሳይመረመር የቆየ አንድ አሳብ ነው፤ ይኸውም ቀጣና እንደ ተራራና እንደ ወንዝ ተፈጥሮ የሰጠው ነገር ነው የሚል ነው። የአገሮች ጠባይ ከአቀማመጣቸውና ከምርታቸው የሚመነጭ ከሆነ፣ እነዚህን መዘርዘሩ ይበቃል ማለት ይሆናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በፖለቲካ ትርጉሙ ቀጣና ሰዎች የሠሩት ነገር ነው። በመጀመሪያ ከውጭ የመጡ ኃያላን ለራሳቸው ጉዳይ ያሰምሩታል፤ ኋላም በውስጡ ያሉት መንግሥታት እርስ በርሳቸው ካላቸው ሥጋትና ፍላጎት በመነሣት እንደ ገና ይሠሩታል። ተማሪው የውጭ ፖሊሲን ሊረዳ የሚችለው ይህን አሠራር ሲከታተል ነው። በዚህ ጽሑፍ ለምሳሌነት የተመረጠው ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። የሚጠቀሱት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቀጣናን ማን ያሰምራል?

ወደ ሩቅ እስያ ከመሻገር በፊት ለተማሪው ቅርብ የሆነውን ምሳሌ ማቅረብ ይጠቅማል። በ1941 የእንግሊዝ ጦር በኢትዮጵያ ምድር ጣሊያንን ሲወጋ፣ ዘመቻው በበላይነት ይመራ የነበረው ካይሮ ከተቀመጠው የመካከለኛው ምሥራቅ ጠቅላይ ማዘዣ ነበር። በዚያ ማዘዣ ካርታ ላይ ኢትዮጵያ የመካከለኛው ምሥራቅ አገር ነበረች ማለት ነው። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር የምሥራቅ አፍሪካ ማዘዣ ለብቻው ሲቋቋም አመዳደቡ ተለወጠ። ከብዙ ዘመን በኋላ ደግሞ፣ በ1983 የተቋቋመው የአሜሪካ ማዕከላዊ ዕዝ የአፍሪካን ቀንድ ከፋርስ ባሕረ ሰላጤ ጋር አጣምሮ ይዞ ነበር። በ2008 የአፍሪካ ዕዝ ራሱን ችሎ ሥራ ሲጀምር ኢትዮጵያ ወደዚያኛው ተዛወረች፤ ግብጽ ግን በቀድሞው ቀረች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ዓባይም ሆነ የሰሜን ተራሮች ከቦታቸው ፈቅ አላሉም። የተለዋወጠው የካርታው ባለቤት ጉዳይ ነው።

ደቡብ ምሥራቅ እስያም የዚህ ዓይነት ታሪክ አለው። ቻይናውያን ነጋዴዎች ያን ሁሉ አገር ከባሕሩ ጋር «ናንያንግ»፣ ማለት የደቡብ ባሕር ይሉት ነበር። በውስጡ የሚኖሩት ሕዝቦች ግን ሁሉንም የሚያቅፍ አንድ መጠሪያ አልነበራቸውም። በርማ በእንግሊዝ፣ ቪየትናምና ካምቦዲያ በፈረንሣይ፣ ኢንዶኔዢያ በሆላንድ፣ ፊሊፒንስ በአሜሪካ ሥር ስለ ነበሩ፣ መንገዳቸውም ንግዳቸውም ትምህርታቸውም ወደ ለንደን፣ ወደ ፓሪስ፣ ወደ ሄግና ወደ ዋሽንግተን ያመራ ነበር፤ እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም ቢባል ከእውነት አይርቅም። ደቡብ ምሥራቅ እስያ የሚለው ስም በጥቂት ሊቃውንት ጽሑፍ ቀድሞ ቢገኝም፣ በሰፊው የታወቀው ቃል ኪዳን የገቡት መንግሥታት በ1943 በአድሚራል ማውንትባተን መሪነት የደቡብ ምሥራቅ እስያ ጦር ማዘዣን ሲያቋቁሙ ነው። ማዘዣው ከ1944 ጀምሮ የተቀመጠው ካንዲ በተባለችው የሴሎን ከተማ ነበር፤ ዛሬ ስሪ ላንካ የምትባለውን ይህችን አገር ማንም ከደቡብ ምሥራቅ እስያ አይቆጥራትም። ፊሊፒንስ ደግሞ ዛሬ ከቀጣናው ዋና ዋና አገሮች አንዷ ስትሆን፣ ያን ጊዜ በሌላ ማዘዣ ሥር ስለ ነበረች ከክልሉ ውጭ ነበረች።

የቀጣናዎች ጥናት ራሱም ከዚህ የተለየ አመጣጥ የለውም። የእንግሊዝ መንግሥት በ1916 በለንደን የምሥራቅ አገሮችን ቋንቋዎች የሚያስተምር ተቋም ሲያቋቁም፣ ከዓላማዎቹ አንዱ ለግዛቶቹ ሹማምንትን ማሠልጠን ነበር። ሶቭየት ኅብረት በ1957 ሰው ሠራሽ ሳተላይት ካመጠቀች በኋላ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት በ1958 ያወጣው የብሔራዊ መከላከያ ትምህርት ሕግ ለውጭ ቋንቋዎችና ለቀጣና ጥናት ማዕከላት ገንዘብ መደበ፤ የሕጉ ስም ብቻውን ብዙ ይናገራል። ይህ ማለት ከነዚህ ተቋማት የወጣው ዕውቀት ሐሰት ነው ማለት አይደለም። ብዙ መዝገበ ቃላትና ብዙ ጥሩ የታሪክ መጽሐፍ ከዚያ ተገኝቷል። ነገር ግን መምህሩ ማንኛውንም መጽሐፍ ሲከፍት ጥያቄው በማን ወንበር ተቀምጦ እንደ ተጠየቀ ቢያስተውል፣ ተማሪውንም እንዲያስተውል ቢያለማምድ መልካም ነው።

ጎረቤቶቹ የተዋዋሉበት ምክንያት

ኢንዶኔዢያ፣ ማሌዢያ፣ ፊሊፒንስ፣ ሲንጋፖርና ታይላንድ በኦገስት 8 ቀን 1967 ባንኮክ ላይ ተሰብስበው የደቡብ ምሥራቅ እስያ አገሮችን ማኅበር፣ በአጭር ስሙ አሴአንን መሠረቱ። ይህን ቀን የመማሪያ መጻሕፍት አይስቱትም። የሚዘነጉት ከዚያ ቀን በፊት የነበሩትን አራት ዓመታት ነው።

በ1963 ማላያ፣ ሲንጋፖር፣ ሳባህና ሳራዋክ ተዋሕደው ማሌዢያ የምትባል አገር ስትቆም፣ የኢንዶኔዢያው ፕሬዚዳንት ሱካርኖ አዲሲቱን አገር የቅኝ ገዥዎች ሥራ ናት ብለው ተቃወሙ፤ የታጠቁ ኃይሎችንም ወደ ቦርንዮ ጫካ ላኩ። ፊሊፒንስ በበኩሏ ሳባህ የእኔ ናት በማለት ማሌዢያን ሳታውቅ ቀረች። በ1965 ሲንጋፖር ከማሌዢያ ተለይታ ወጣች፤ መለያየቱም የፍቅር አልነበረም። የኢንዶኔዢያና የማሌዢያ ጠብ በስምምነት የተዘጋው በ1966 ነው። እንግዲህ በባንኮክ ጠረጴዛ ዙሪያ ከተቀመጡት አምስት መንግሥታት አራቱ ገና ትናንት ሲጣሉ የነበሩ ናቸው። በመካከላቸውም እጅግ ሰፊ የሆነው የመጠን ልዩነት አለ፤ ኢንዶኔዢያ በዚያን ጊዜ ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ሲኖራት፣ ሲንጋፖር 2 ሚሊዮን የሚያህል ሕዝብ የያዘች አንዲት ከተማ ነበረች።

የምሥረታው መግለጫ በአብዛኛው የሚናገረው ስለ ኢኮኖሚ፣ ስለ ማኅበራዊ ኑሮና ስለ ባህል እድገት ነው። ተማሪው ይህን ብቻ ካነበበ ማኅበሩን የንግድ ማኅበር አድርጎ ይወስደዋል። ዋናው ጉዳይ ግን እርስ በርስ መፈራራቱን በልጓም መያዝ ነበር። ለትናንሾቹ፣ ትልቋ ኢንዶኔዢያ በማኅበር ውስጥ ብትገባ ከውጭ ሆና ከምታስፈራ ይሻላል። ለኢንዶኔዢያ ደግሞ፣ ከሱካርኖ ቀጥለው ሥልጣን የያዙት ሱሃርቶ ጎረቤቶቻቸው እንዲያምኗቸውና የውጭ ርዳታ እንዲመለስላቸው ይፈልጉ ነበር። በመግለጫው መግቢያ ላይ የውጭ የጦር ሰፈሮች ሁሉ ጊዜያዊ ናቸው የሚል ቃል መግባቱም የኢንዶኔዢያን ፍላጎት ያሳያል፤ የአሜሪካና የእንግሊዝ ጦር በምድራቸው የነበረባቸው ሌሎቹ አገሮች ግን ጦሩ ነገውኑ ይውጣ አላሉም። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው አባባል በመንግሥታት መካከል ሁልጊዜ አይሠራም። በብዙ ቀጣና ትንሽ አገር የቅርቡን ጎረቤት ስለምትፈራ የሩቁን ኃያል ዘመድ ታደርጋለች።

ሳይጎን በኤፕሪል 1975 ከወደቀች በኋላ የአምስቱ አገሮች መሪዎች በፌብሩዋሪ 1976 በባሊ ደሴት ተሰብስበው የወዳጅነትና የትብብር ውል ፈረሙ። ውሉ በሌላው አገር የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባትን፣ ጠብን በሰላም መፍታትንና በኃይል አለመጠቀምን የሚያጸና ነበር። ሦስት ዓመት ሳይሞላው ይህ መርሕ እጅግ ከባድ ፈተና ገጠመው።

የካምቦዲያ ጉዳይ፣ የካምፓላም ንጽጽር

ከ1975 ጀምሮ ካምቦዲያን የገዛው የክሜር ሩዥ አገዛዝ በአራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊዮን የሚገመት የራሱን ሕዝብ በግድያ፣ በረኃብና በሥራ ብዛት ፈጅቷል። የቪየትናምን የጠረፍ መንደሮችም በተደጋጋሚ ወግቷል። የቪየትናም ጦር በዲሴምበር 1978 መጨረሻ ካምቦዲያ ገብቶ በጃንዋሪ 7 ቀን 1979 ፕኖም ፔንን ያዘ፤ አገዛዙንም ገረሰሰ። በፌብሩዋሪ ወር ቻይና ቪየትናምን ለመቅጣት ብላ ድንበሯን ጥሳ ወጋቻት።

የአሴአን አገሮች በዚህ ጊዜ ያደረጉት ነገር ለተማሪው ታላቅ እንቆቅልሽ ነው። የቪየትናምን መግባት አወገዙ፤ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤም የካምቦዲያ ወንበር ለተባረረው አገዛዝ እንዲጠበቅ ተሟገቱ። በሴፕቴምበር 1979 በተሰጠው ድምፅ 71 አገሮች ይህን ሲደግፉ፣ 35 ተቃወሙ፣ 34 ደግሞ ድምፀ ተዐቅቦ አደረጉ። ያን ያህል ሕዝብ የፈጀ አገዛዝ ወንበሩን ይዞ ቀረ። መምህሩ ይህን ነጥብ በፍጥነት ሊያልፈው አይገባም። ተማሪዎች እዚህ ላይ መቆጣታቸው ተገቢ ነው፤ ቁጣቸው ግን ወደ ጥያቄ እንዲለወጥ ሊረዱ ይገባል።

ለታይላንድ ጉዳዩ የጠረፍ ጉዳይ ነበር። 800 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆነው ድንበሯ ማዶ የቪየትናም ጦር ቆሟል፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ስደተኞችም ይጎርፉባታል። ከጥንት ጀምሮ ካምቦዲያ በሁለቱ ኃይለኞች ጎረቤቶቿ፣ በታይላንድና በቪየትናም መካከል እንደ ግድግዳ ነበረች፤ ግድግዳው ፈረሰ። ሲንጋፖር ጠረፍ የላትም፤ ነገር ግን ትልቅ ጎረቤት መልካም ምክንያት እስካገኘ ድረስ ወደ ትንሽ አገር ገብቶ መንግሥቷን ይለውጥ ዘንድ ይፈቀድለታል ከተባለ፣ ነገ በእርሷ ላይ የሚመጣውን ታስባለች። ኢንዶኔዢያና ማሌዢያ ግን ከቪየትናም ይልቅ ቻይናን ይፈሩ ነበር። ጠንካራ ቪየትናም ቻይናን ታግዳለች ብለው ስለሚያምኑ፣ የሁለቱ አገሮች መሪዎች በማርች 1980 በኩዋንታን ተገናኝተው ቪየትናም ከሶቭየትም ከቻይናም ተጽዕኖ ነጻ እንድትሆን፣ ለጸጥታዋ ያላት ሥጋትም እንዲታሰብላት የሚል አሳብ አቀረቡ። ታይላንድ ስላልተቀበለችው አሳቡ ቀረ። እዚህ ላይ አንድ አሠራር ግልጥ ብሎ ይታያል፤ በማኅበሩ ውስጥ የጠረፉ አገር ቃል ከትልቁ አገር ቃል ይልቅ ተሰምቷል። ኢንዶኔዢያ ያልወደደችውን መንገድ ተከትላ መሄዷ ማኅበሩን ከመፍረስ ማዳን ለእርሷ ከካምቦዲያ ጉዳይ የበለጠ ዋጋ እንደ ነበረው ያመለክታል።

አሁን ተማሪው ወደ አፍሪካ ይመለስ። በኦክቶበር 1978 የኢዲ አሚን ጦር የካጌራን ምድር ከታንዛኒያ ያዘ። የታንዛኒያ ጦር ከኡጋንዳውያን ስደተኛ ተዋጊዎች ጋር መልሶ አጥቅቶ በኤፕሪል 11 ቀን 1979 ካምፓላ ገባ፤ አሚንም ተሰደዱ። ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ዓመት ውስጥ፣ ያውም በሦስት ወር ልዩነት የተፈጸሙ ናቸው። በሁለቱም ጎረቤት አገር አስቀድሞ ተጠቅቷል፤ በሁለቱም ሕዝቡን የፈጀ ገዥ ተገርስሷል። የአፍሪካ አንድነት ድርጅትም እንደ አሴአን በውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባትን መርሑ ያደረገ፣ በ1964 በካይሮ ጉባኤው ደግሞ አገሮች ነጻ ሲወጡ የነበሩት ድንበሮች እንዲከበሩ የወሰነ ድርጅት ነበር። ሆኖም በጁላይ 1979 በሞንሮቪያ በተደረገው የመሪዎች ጉባኤ ላይ አንዳንድ መሪዎች ታንዛኒያን ቢነቅፉም፣ የአሚን ወንበር ይጠበቅ ብሎ የዘመተ ቀጣና አልነበረም። ቪየትናም ግን ለአሥር ዓመት ያህል ተገለለች።

ልዩነቱ ከምን መጣ? ለዚህ አንድ መልስ ብቻ መስጠት ትምህርቱን ያበላሸዋል። ከካምቦዲያ ጀርባ የቻይናና የሶቭየት ጠብ ነበረ፤ አሜሪካም ከቻይና ጋር መቀራረብ ይዛ ነበር። ከኡጋንዳ ጀርባ ግን ይህን የሚያህል የኃያላን ሽኩቻ አልቆመም፤ ለአሚን ወታደር የላከችው ሊቢያ ናት። የታንዛኒያ ጦር በ1981 ወጣ፤ የቪየትናም ጦር እስከ 1989 ቆየ። ጎረቤቶቿ ቪየትናም ላኦስንና ካምቦዲያን ጠቅልላ ልትይዝ ነው ብለው ሲፈሩ፣ የድሃይቱ ታንዛኒያ ጎረቤቶች የዚያን ያህል አልፈሩም። የእነዚህን ምክንያቶች ክብደት ተማሪዎቹ ራሳቸው ይመዝኑት። ከሁለት ቀጣና የተወሰዱ ሁለት ጉዳዮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የሚገኘው ማስተዋል፣ አሥር ቀጣናዎችን በተራ በማጥናት አይገኝም።

በክፍል ውስጥ

ከላይ የተገለጸውን በአራት ባለ 40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜያት ማስተማር ይቻላል። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹ ድንበር የሌለበት የእስያ ንድፍ ካርታ ተሰጥቷቸው «ደቡብ ምሥራቅ እስያ» የሚሉትን በእርሳስ ያክቡ። ክበቦቹ አይገጥሙም፤ ትምህርቱም ከዚያ ይጀምራል። የታተመ ካርታ በሌለበት ትምህርት ቤት መምህሩ ንድፉን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ቢስለው ይበቃል። በሁለተኛው ክፍሉ ታይላንድ፣ ኢንዶኔዢያ፣ ሲንጋፖርና ቪየትናም ተብሎ በአራት ቡድን ይከፈልና፣ እያንዳንዱ ቡድን በጃንዋሪ 1979 ምን እንደሚፈራ፣ ምን እንደሚፈልግና ምን ማድረግ እንደማይችል ይናገራል። ሦስተኛው ጥያቄ እንዳይዘለል ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ተማሪዎች መንግሥታት የፈለጉትን ሁሉ ማድረግ የሚችሉ ይመስላቸዋልና። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ለካምፓላ ንጽጽር ይውላል።

በዚህ አቀራረብ ውስጥ አንድ አደጋ አለ። ሁሉም ነገር በጥቅምና በፍርሃት ሲተረጎም ተማሪው ወደ ንቀት ያዘነብላል፤ «ፖለቲካ ይኸው ነው» ብሎ መጽሐፉን ይዘጋል። ስለዚህ በቡድኖቹ መካከል በጠረፉ ሠፈር ያለ አንድ ካምቦዲያዊ ስደተኛ ሆኖ የሚናገር ተማሪ መኖር አለበት። አራቱ መንግሥታት የወሰኑትን ሁሉ በእርሱ ፊት ያስረዱ። መልስ ሲያጡ ቢታይ የመምህሩ ድካም ከንቱ አልሆነም።

አራተኛው ክፍለ ጊዜ ለቅርቡ ጊዜ ነው። በ1991 በፓሪስ የካምቦዲያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ፤ ቪየትናም በ1995፣ ላኦስና ሚያንማር በ1997፣ ካምቦዲያ ራሷ በ1999 የማኅበሩ አባል ሆኑ። ትናንት ጠላት የተባለችው አገር በማኅበር መታሰሯ ከ1967ቱ አሳብ ጋር አንድ መሆኑን ተማሪዎቹ ሳይነገራቸው ሊደርሱበት ይችላሉ። ነገር ግን ማኅበርተኝነት ጠብን አያጠፋም። በ2012 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቹ ፕኖም ፔን ላይ ተሰብስበው በደቡብ ቻይና ባሕር ጉዳይ ስላልተስማሙ፣ በ45 ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጋራ መግለጫ ተለያዩ። በጁላይ 2025 ታይላንድና ካምቦዲያ፣ ሁለቱም አባላት ሆነው ሳሉ፣ በድንበራቸው ላይ ለአምስት ቀን ተዋጉ፤ የተኩስ ማቆሙ ንግግር የተደረገው በዚያ ዓመት የማኅበሩ ሊቀ መንበር በነበረችው በማሌዢያ ነው። የጠቡ ሥር ፈረንሣዮች በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ከሠሯቸው ካርታዎች ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ ተማሪው በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ወደ ያዘው እርሳስ ይመለሳል።

የመርሐ ትምህርት አውጪዎች ድርሻ ከመምህሩ ድርሻ ይከብዳል። አራት ክፍለ ጊዜ ለአንድ ጉዳይ ከተሰጠ ሌላ ነገር መቀነስ ግድ ነው፤ የሚቀነሰውም የቀጣናዎቹ ብዛት መሆን አለበት። ዓለምን ሁሉ በአንድ ዓመት የሚያዳርስ መጽሐፍ ዓለምን አላስተማረም። ሁለት ወይም ሦስት ቀጣናዎች ተመርጠው በጥልቅ ቢጠኑ፣ ቀሪውን ተማሪው በያዘው መንገድ ሊከታተለው ይችላል። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፈተናው መለወጥ አለበት። ማኅበሩ በስንት ዓመተ ምሕረት ተመሠረተ የሚል ጥያቄ በየዓመቱ በሚወጣበት አገር መምህሩ ቀኑን ከማስጠናት ሌላ ምርጫ የለውም፤ ሊወቀስበትም አይገባም። በዚያ ፈንታ «ኢንዶኔዢያ በ1980 የራሷን አሳብ ትታ የታይላንድን ለምን ተከተለች?» የሚል ጥያቄ ቢወጣ፣ ተማሪው ቀኑንም ምክንያቱንም ማወቅ ይኖርበታል።

መጽሐፉ ማርጀቱም አይቀርም። የአሴአን አባላት አሥር ናቸው የሚለው ዐረፍተ ነገር ለ26 ዓመት ትክክል ሆኖ ቆይቶ፣ በኦክቶበር 2025 ምሥራቅ ቲሞር አሥራ አንደኛ አባል ስትሆን ስሕተት ሆነ። በየምዕራፉ መጨረሻ አንድ ባዶ ገጽ ትቶ መምህሩና ተማሪዎቹ በየዓመቱ የሆነውን እንዲጽፉበት ማድረግ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። በዚያ ገጽ ላይ መጀመሪያ ሊሠፍር የሚገባው ጥያቄም ዝግጁ ነው፤ ኢንዶኔዢያ በ1975 ወርራ እስከ 1999 የያዘቻት፣ በ2002 ነጻነቷን ያወጀችው ይህች ትንሽ አገር፣ ኢንዶኔዢያ ወዳለችበት ማኅበር ለመግባት በ2011 ማመልከቻ አቅርባ 14 ዓመት ደጅ የጠናችው ምን ፈልጋ ነው?